እትዬ አስካለ ያልተቀበለችው ግጥም

«ከበሮው ምን በደለሽ?» አለችኝ እትዬ አስካለ ፊት ለፊቴ፣ ቤት ሙሉ ሰው እየሰማ። «ባልሽ ነው እንዴ እንዲህ የምትደበድቢው?»

«ባል የለኝም» አልኳት።

«እንግዲያ ለሚመጣው እየተለማመድሽ ነዋ!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። የመምህራን ማሠልጠኛ ተማሪዎች ናቸው፣ ለሳቅ ሰበብ የሚፈልጉ። እኔ ያን ዓመት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ቤት ቁጭ ብዬ፣ ከእናቴም ከአባቴም ከግድግዳውም ጋር የምጣላበት ጊዜ ነበር። ማሠልጠኛው ውስጥ የሚማር የአጎቴ ልጅ «ነይ ዘፈን እንስማ» ብሎ አመጣኝ። ከበሮ መቺው ስለዘገየ ማንም ሳይጠይቀኝ ከበሮውን አንስቼ መምታት ጀመርኩ። እንግዲህ ለዚህ ነው የተሰደብኩት። ነጠላዬን ሰብስቤ ልወጣ ስነሣ ክራሯን ጭኗ ላይ አስተኝታ አየችኝ።

«ተቀመጪ አንቺ። እጅሽ ክፉ ነው እንጂ ጆሮሽ ደህና ነው። ክፉ እጅ ይታረማል።»

ተቀመጥኩ። ሦስት ዓመት ተቀመጥኩ።

እትዬ አስካለ ማረፏን የሰማሁት ባለፈው ሳምንት ነው፣ ቡራዩ፣ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት በር ላይ። የነገረኝ ጌታሁን ነው፤ ያኔ ማሠልጠኛው ባንድ ውስጥ አኮርዲዮን ይጫወት የነበረው፣ ዛሬ እንደኔው ጠመኔ የሚበላው ጌታሁን። ሰላምታ እንኳ ሳይጨርስ «እትዬ አስካለን ቀበርናት» አለኝ።

«መቼ?»

«አርባዋም አለፈ።»

«ሰው እንዴት አትልኩብኝም?»

«የት ብለን እንላክብሽ? አንቺ እንደሆንሽ አንድ ቦታ አትቀመጪ። ዓምና ሆለታ ነች አሉኝ፣ ዘንድሮ ቡራዩ ሆንሽ።»

እውነቱን ነው። ከዚያ የቀብሩን ነገር አወራኝ። ሰው ብዙ ነበር አለ። የድሮ ተማሪዎች ከየገጠሩ መጥተው ነበር። የእድሩ ዳኛ መቃብሩ አፋፍ ላይ ቆሞ «ጠጅ ነጋዴዋ እኅታችን፣ ልጅ ሳትወልድ የተማሪ ሁሉ እናት የሆነች» ብሎ ተናገረ።

እዚህ ላይ ነው ብዕር ያነሣሁት። እትዬ አስካለ ጠጅ ትሸጥ ነበር፣ እውነት ነው። ነጋዴ ግን አልነበረችም፤ ዘፋኝ ነበረች። ልጅም ወልዳለች። ይህን የምጽፈው ልጅቱ ራሷ ዛሬ ስለምታውቅና «ጻፊው» ስላለችኝ ነው። የሁሉንም ስም ለውጫለሁ።

ቤቷ ሰበታ፣ ከማሠልጠኛው አጥር ትይዩ፣ ከጅማ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ነበር። ሰሌዳ የለው፣ ስም የለው። ተማሪዎቹ «ተጨማሪ ክፍል» ይሉት ነበር፤ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ዋናው ክፍል ሲዘጋ ተጨማሪው ይከፈታል። ግድግዳውን ተከትለው የተደረደሩ አግዳሚ ወንበሮች፣ መሐል ላይ የእሷ በርጩማ፣ ከላይ ቆርቆሮ። ክረምት ዝናቡ ሲወርድ ክራር ስለማይሰማ ጨዋታው ይቆማል። እሷም እጇን አጣጥፋ ወደ ላይ ታያለች፤ «ባለተራው ይዝፈን፣ እኛ እንረፍ» ትላለች።

አርባዎቹን ያጋመሰች፣ ቀጭን፣ ጥርሷ ፍንጭት የሆነ ሴት ነበረች። መጀመሪያ ሰሞን አንቱ ስላት «ከክራሬ ጋር አብረሽ አታስረጂኝ፣ አንቺ በይኝ» ብላ ከለከለችኝ። ስትዘፍን ዓይኗን አትጨፍንም። ሌሎች ዘፋኞች ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያዘነብሉ አይታ «ምን ጠፍቷቸው ነው ውስጣቸው የሚፈልጉት?» ትል ነበር። እሷ የምታየው በሩን ነው። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ማን ጥግ ይዞ አኮረፈ፣ ሁሉን ታያለች። ያኮረፈውን ደግሞ ስሙን ጠርታ ዘፈን ውስጥ ታስገባዋለች።

ማሠልጠኛው የራሱ ባንድ ነበረው። አንድ አኮርዲዮን፣ አንድ ጊታር፣ ጠርዙ የተጣመመ አንድ ጥሩምባ። በወር አንድ ቅዳሜ የምግብ አዳራሹ ወንበር ተገፍቶ ትዊስትና ቻቻቻ ይጨፈራል። በቀሩት ቅዳሜዎች ግን የባንዱ ልጆች እሷ ዘንድ መጥተው ግድግዳ ተደግፈው ይሰማሉ። ጌታሁን ትዝታዋን በአኮርዲዮኑ ሊያወጣ ሲታገል፣ የምትለው ድምፅ ከአንዱ ቁልፍና ከሌላው መሐል ሆነበት። ከዚህ ሲጫን ያልፈዋል፣ ከዚያ ሲጫን አይደርስበትም። አጎንብሳ አኮርዲዮኑን አገላብጣ አየችው።

«ይሄ ሣጥን የመሐሉን ድምፅ ምን አደረገው?»

«አልተሠራለትም እትዬ።»

«ይኼን ያህል ጥርስ ይዞ? እኔ እንኳ በፍንጭት ጥርሴ አወጣዋለሁ!»

ጌታሁን ያን ዕለት እንደተቀየማት ወጣ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ከሁሉ ቀድሞ መጥቶ በር ላይ ቆሞ ነበር።

እንዲህ ያለ ቤት ገብቶ ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ልንገር። ዘፋኝዋ እየተጫወተች ሳለ እንግዳ ሆዱ የሞላ እንደሆነ «ተቀበይ!» ይላል። የግጥሙን አንድ መስመር ይሰጣል፣ እሷ በዜማ ትመልሳለች። ሁለተኛውን ይሰጣል፣ ያንንም ትመልሳለች። ግጥም የተሰጠው ዘፋኝ እምቢ ማለት ነውር ነው፤ ቃሉን መቀየር ደግሞ ከነውርም በላይ ነው። እትዬ አስካለ በዚህ ነገር ከቄስ የባሰች ነበረች። ሙገሳም ይሁን ስድብ፣ የፍቅር ይሁን የክስ፣ እንደተሰጣት ታወጣዋለች።

አንድ ጊዜ ባንዱ ለምኗት ማሠልጠኛው አዳራሽ ውስጥ እንድትጫወት አስፈቀደ። ዲሬክተሩ ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል፣ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ እግር በእግር ላይ አድርገው። ገና ሁለት ዘፈን ሳትጨርስ ከኋላ አንድ ተማሪ «ተቀበይ!» አለ።

«ሥጋ የለም ብለን ስናማ ወጡን፣
ነቀዙ ደረሰ ሊሞላ ጉድለቱን።»

ያን ሰሞን ተማሪው የሚበላው ባቄላ ነቅዞ ነበር። አዳራሹ ትንፋሹን ያዘ። እኔ ከበሮውን አቁሜ ተሸማቀቅሁ። እሷ ግን ዲሬክተሩን ዓይን ዓይናቸውን እያየች፣ የሠርግ ዘፈን ይመስል አሳምራ፣ ነቀዙን አስረዝማ ዘፈነችው። ደግማም ዘፈነችው። ዲሬክተሩ ሲወጡ በር ላይ ጠብቀው «አንቺ ሴትዮ፣ እኔን ነው የሰደብሽው?» አሏት።

«ጌታዬ፣ እኔ በር ነኝ። በር የገባውን ሁሉ ያስገባል። ደግሞ የሰደብኩት ባቄላውን ነው።»

ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። በሳምንቱ ባቄላው ተቀየረ፤ እሷን ግን ዳግመኛ አላስጠሯትም።

«ግጥሙን ካልወደድሽውስ?» አልኳት ወደ ቤት ስንመለስ። እኔ ያልወደድኩት ነገር ከአፌ አይወጣም፤ የወደድኩት ደግሞ አይቀርም፤ ሁለቱም ብዙ አጣልተውኛል።

«የኔ መውደድ ምን ያደርጋል? ሰው የሆዱን ይዞ ሲመጣ በር ላይ ቆሜ ‹አንተ ግባ፣ አንተ ውጣ› ልበል?»

«ቢሰድቡሽስ?»

«ተሰድቤም ዘፍኛለሁ። አንዱ ሾፌር አንድ ቀን አፍንጫዬን ሰድቦ ግጥም ሰጠኝ። ከራሱ ግጥም ይልቅ አሳምሬ፣ ሦስት ጊዜ መላልሼ ዘፈንኩለት። በአራተኛው ተነሥቶ ‹በቃ እትዬ፣ ስለ እመቤቴ!› አለኝ።»

ሌላም ልማድ ነበራት። ክራሯን ስትቃኝ፣ ሰዉ ገና እየተቀመጠ ሳለ፣ ዞር ዞር ብላ ታይና «ከሱሉልታ የመጣ አለ?» ትላለች። በየቅዳሜው። ብዙ ጊዜ አይኖርም። ሲኖር ግን አጠገቧ አስቀምጣ፣ የመጀመሪያውን ብርሌ እሷው ጋብዛ ትጠይቀዋለች። ውርጩ ዘንድሮ እንዴት ነው? ሣሩ ታጨደ? ከገበያው ማዶ ያሉት ሰዎች ደህና ናቸው? ልጆቹ አደጉ?

እኔ የትውልድ አገሯ መስሎኝ ነበር። «አገርሽ ከሆነ ሄደሽ አታይውም?» አልኳት አንድ ቀን። «የመጣውን ሰው ሁሉ እየጠየቅሽ ከምትሞቺ፣ ሎንቺና ብትሳፈሪ ግማሽ ቀን አይፈጅም።»

የክራሯን ክር ማጥበቋን ቀጠለች፣ እስኪበጠስ ድረስ።

በሦስተኛው ዓመት፣ ታኅሣሥ ውስጥ፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት ብርሌ እያጠብኩላት ሳለ አንዲት ትልቅ ሴት በር ላይ ቆሙ። ጋቢ ደርበዋል፣ ከዘራ ይዘዋል፣ ጫማቸው የሩቅ መንገድ አቧራ ለብሷል። «አካም ጅርቱ» ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጡ። እትዬ አስካለ ያንን ድምፅ ስትሰማ እጇ ላይ የነበረውን ጨርቅ ጣለች። ሄዳ ትከሻቸውን ሳመች። ወንበር በነጠላዋ ጠረገችላቸው። ከዚያ ሁለቱም ተቀመጡ።

በኋላ እንደተረዳሁት እንግዳዋ፣ አዴ ጫልቱ፣ የሟች ባሏ እኅት ናቸው።

«ጽጌ ልታገባ ነው» አሉ አዴ ጫልቱ።

እትዬ አስካለ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ማንን?»

«የወረዳው ጸሐፊ ልጅ ነው። አስተማሪ ነው። አይጠጣም።»

«ዘሯን ጠየቁ?»

«ጠየቁ እንጂ! ሽማግሌ ልከው እስከ ሰባት ቤት አስቆጠሩኝ። አባቷ ወንድሜ ነው፣ እናቷ ሞታለች አልኩ።»

«ደግ አደረግሽ።»

«የቷ ናት የሞተችው?» አልኩ እኔ፣ እጄ እንደረጠበ።

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። «ብርሌሽን እጠቢ» አለችኝ እትዬ አስካለ። እኔ ግን አልተንቀሳቀስኩም። አዴ ጫልቱም እንዳልሰሙ ሆነው ሊቀጥሉ አልቻሉም፤ ነገሩ ቀስ እያለ ወጣ።

እትዬ አስካለ በወጣትነቷ ሱሉልታ ሠርግ ልትዘፍን ሄዳ ነው የአዴ ጫልቱን ወንድም ያገኘችው። አገባት። ወገኖቹ አዝማሪ አገባ ብለው አኮረፉት፤ እሱ ግን ግድ አልነበረውም። ጽጌ ተወለደች። ልጅቷ ሁለት ዓመት ሳይሞላት እሱ ሞተ። እትዬ አስካለ ከክራር በቀር የምታውቀው ሥራ የለም። በዚያ አገር ደግሞ የአዝማሪ ልጅ የተባለች ሴት፣ ቆንጆ ትሁን፣ የተማረች ትሁን፣ ደህና ቤት አትገባም፤ ሽማግሌ ተልኮ ዘር ሲቆጠር እዚያ ላይ ይቆማል። አዴ ጫልቱ «ለኔ ተያት፣ እንደ ልጄ አሳድጋታለሁ፤ አንቺ ግን አትምጪ» አሉ። ትታት ሰበታ መጣች። አሥራ ስድስት ዓመት አልሄደችም።

«ታዲያ አሁን ምን ሊያደርጉ መጡ?» አልኩ። ቁጣዬ ፊቴ ላይ ይነበብ ነበር መሰለኝ፣ አዴ ጫልቱ ከዘራቸውን ጠበቅ አደረጉ።

«ዘፋኝ ፈልጌ ነው የመጣሁት» አሉ፣ እኔን ሳይሆን እሷን እያዩ። «የወንዱ ወገን ከአዲስ አበባ ግራሞፎን እናመጣለን አሉ። እኔ ‹የለም፣ ዘፋኝ በኔ ነው› አልኳቸው። ነይ አስካለ። ዘፍነሽ ትሄጃለሽ። ሌላው ግን አይሆንም። ጸሐፊው ከሰማ ሠርጉ ይፈርሳል፤ ለልጅቷም በጆሮዋ እንኳ…»

«አንዲት ቃል አይወጣኝም» አለች እትዬ አስካለ፣ ሳያስጨርሷቸው። ከዚያ እንደ ሕፃን ሳቀች። «እመጣለሁ! መቼ ነው? ምን ትለብሳለች?»

አዴ ጫልቱ ከሄዱ በኋላ ብርሌውን አስቀምጬ ጮኽኩባት።

«በገዛ ልጅሽ ሠርግ አዝማሪ ሆነሽ?»

«ታዲያ ምን ሆኜ ልሂድ? አዝማሪ አይደለሁም እንዴ?»

«እናቷ ነሽ!»

«እናቷ ሆኜ ብሄድ ሠርግም የለ። አዝማሪ ሆኜ ስሄድ ሠርግም አለ፣ እኔም አለሁ።» እጄን ያዘችኝ። «አንቺ ከበሮ ትመቺልኛለሽ። አፍሽን ግን እዚህ ትተሽው ትመጫለሽ። እሺ?»

«እሺ» አልኩ። ያን ሰሞን ሦስት ጊዜ አስባለችኝ፤ ሦስቴም እሺ አልኩ።

እንደዚያ ስትዘጋጅ አይቻት አላውቅም። ለክራሯ አዲስ ጅማት አስገባች። ሹሩባ ተሠራች። ስለ አዴ ጫልቱ፣ ስለ ሙሽራው አባት፣ ስለ በሬዎቻቸው ሳይቀር የሙገሳ ግጥም አጠራቅማ፣ ከሰበታ እስከ አዲስ አበባ ሎንቺናው ውስጥ በሹክሹክታ ስትደግም ነበር። እዚያ አድረን በማለዳ እንጦጦን በጭነት መኪና ተሻገርን። ጥር ነበር። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ስንወርድ የታጨደው ሣር ክምር ላይ ውርጩ ገና አልረገፈም። እሷ ቆመች። «ከገበያው ማዶ ያ ነው» አለችኝ በአገጯ እያመለከተች።

ዳሱ ውስጥ ከመግቢያው አጠገብ፣ ነፋሱ በሚገባበት በኩል፣ አንድ ግንድ ላይ አስቀመጡን። ምግባችን ለብቻችን መጣልን። ይህ ልማድ ነው፣ አዝማሪን ከሰው ጋር አያቀርቡም። እኔ ፊቴን አጠቆርኩ፤ እሷ ግን እኔን በክርኗ ጎሰም አድርጋ «ከዚህ ሁሉም ይታያል» አለችኝ።

ይታይ ነበር። ሙሽራዋ ስትገባ አየናት። ማንም ሳይነግረኝ አወቅኋት፤ ስትስቅ ያው ፍንጭት። እትዬ አስካለ ክራሯን አነሣች።

ሦስት ዓመት ከጎኗ ከበሮ መትቻለሁ። ያን ቀን የሰማሁትን ድምፅ ግን ሰምቼው አላውቅም። ከማለዳ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አላረፈችም። ሽማግሌዎቹን አስነሥታ አስጨፈረች። የሙሽራውን አባት፣ ጢማቸውን ሳይቀር አሞግሳ፣ ትከሻቸውን አስመታቻቸው። አዴ ጫልቱን በኦሮምኛ እያቀላቀለች አሞገሰቻቸው። ግራሞፎን የሚል ሰው ጠፋ።

ሙሽራዋ በአጠገባችን ሁለት ጊዜ አለፈች፤ ወደኛ አላየችም። በሦስተኛው ቆም አለችና ከኋላዋ ላለችው ልጅ «ዘፋኟ ደክሟታል መሰለኝ፣ ውኃ ስጧት እንጂ» ብላ አለፈች። ውኃ መጣ። እትዬ አስካለ ጣሳውን በሁለት እጇ ይዛ ቀረች። አልጠጣችውም። ውኃውን ታየዋለች፣ ቀና ብላ የልጅቷን ጀርባ ታያለች፣ መልሳ ውኃውን ታያለች።

እኔ እዚያ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። ለምን እንደሆነ ዛሬም በደንብ ማስረዳት አልችልም። ይህች ልጅ ውኃ የላከችው ለማን እንደሆነ ሳታውቅ ልትሄድ ነው አልኩ በልቤ። ይህ ሁሉ ሕዝብ በልቶ ጠጥቶ ሲበተን አንድ ሰው እንኳ አይጠይቅም አልኩ። ሰዉ በየተራ ግጥም ይሰጣት ነበር፤ ከበሮ መቺ ግጥም አይሰጥም የሚል ሕግ ደግሞ የለም። ተነሥቼ ቆምኩ።

«ተቀበይ!»

ዞር ብላ አየችኝ። ላግዛት የተነሣሁ መስሏት ፈገግ አለች።

«አሳዳጊ ይክበር፣ ይሙላለት ቤቱ» አልኩ።

«አሳዳጊ ይክበር፣ ይሙላለት ቤቱ» አለች፣ ዜማውን ከፍ አድርጋ። ሴቶቹ እልል አሉ።

«የወለደቻትስ የት ናት እናቲቱ?»

እልልታው ተቋረጠ። የሙሽራው አባት ብርሌያቸውን ወደ አፋቸው ሲወስዱ መሐል ላይ አቁመው ወደ አዴ ጫልቱ ዞሩ። «ምን ማለቷ ነው? እናቲቱ ሞታለች አላላችሁም?» አሉ። ድምፃቸው ትልቅ አልነበረም፤ ግን ሁሉም ሰማ። አዴ ጫልቱ አንገታቸው ድረስ ደም መሰሉ። ሙሽራዋ ከተቀመጠችበት ቀና አለች።

የተሰጠ ግጥም ነው። ግማሹን ተቀብላለች። የቀረውን ሰዉ እየጠበቀ ነው፤ ያላለችው እንደሆነ ዝምታዋ ራሱ መልስ ይሆናል። ክራሩ አልቆመም። ጣቶቿ ዜማውን አንድ ጊዜ አዞሩት። ሁለተኛ አዞሩት። እኔን አላየችኝም። ከግንዱ ላይ ተነሥታ፣ ሦስት እርምጃ ወደ አዴ ጫልቱ ተጠግታ፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ ዘፈነች፤

«አሳዳጊ ይክበር፣ ይሙላለት ቤቱ፣
ያሳደገቻት ናት የልጅ እናቲቱ!»

ዳሱ በእልልታ ተነሣ። የሙሽራው አባት ጭናቸውን መትተው ሳቁ። «ለካ ለሙገሳ ነው ያዞሩን! ተቀባብለው ነው እኮ!» አሉ ለጎረቤታቸው። ብርሌያቸውን ጨለጡ። እሷ ግጥሟን ደገመችው፣ ሠለሰችው፤ በየተራው አዴ ጫልቱን እያየች፣ ልጅቷን አንድ ጊዜ እንኳ ሳታይ።

የተሞገሰ ሰው ዘፋኙን መሸለም አለበት። ሁሉም ወደ አዴ ጫልቱ ዞረ። አዴ ጫልቱ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። እጃቸውን መቀነታቸው ውስጥ አስገቡ። ብር አውጥተው ግንባሯ ላይ የሚለጥፉ መስሎን ጠበቅን። እጃቸው መቀነቱ ውስጥ ቆየ፤ ከዚያ ባዶውን ወጣ።

«ለዚህ ሙገሳ ብር አይመጥንም» አሉ። «ጽጌ፣ ኮቱ። ነይ።»

ሙሽራዋ ተነሥታ መጣች።

«ጉልበቷን ሳሚ።»

«የዘፋኟን?» አለች ጽጌ፣ በቀስታ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ኧረ አዴ፣ ሙሽራ የአዝማሪ ጉልበት ስትስም የት ታይቶ!» አለ።

«እናት ብላ ያሞገሰችው እኔን ነው» አሉ አዴ ጫልቱ፣ ሳይዞሩ። «ሽልማቱንም የምመርጠው እኔ ነኝ። ሳሚ አልኩሽ ልጄ።»

እትዬ አስካለ ተመልሳ ግንዱ ላይ ተቀምጣለች። ክራሩ ጭኗ ላይ ነው። አንሥታ እኔ ላይ ጫነችው። ጽጌ ቬሏን በአንድ እጇ ይዛ አጎነበሰች። ቀኝ ጉልበቷን ሳመች፣ ግራዋን ሳመች፣ እንደገና ቀኝዋን። እትዬ አስካለ መዳፏን የልጅቷ ራስ ላይ አደረገች። ከአዝማሪም ይሁን ከእናት፣ ከማንኛዋም ትልቅ ሴት የሚጠበቀውን ምርቃት ብቻ ተናገረች።

«ወልደሽ ሳሚ።»

ሚዜዎቹ «መሸብን፣ መሸብን» እያሉ መጡ። ሙሽራዋን ወሰዷት። መኪናው ሲነሣ ሰዉ ሁሉ ተከትሎ ወጣ። ዳሱ ውስጥ ሦስታችን ቀረን። አዴ ጫልቱ ከግንዱ ጫፍ ላይ፣ ከእትዬ አስካለ አጠገብ ተቀመጡ። ጋቢያቸውን ዘርግተው ግማሹን እሷ ላይ ጣሉት።

እትዬ አስካለ እጇን ዘረጋች፤ ክራሩን ሰጠኋት። ገና አላየችኝም ነበር።

«እትዬ…» አልኩ።

«ሂጂ አንቺ፣ መኪናው እንዳያመልጥሽ» አለችኝ። «እኔ ዛሬ እዚህ ነኝ።»

ከበሮውን ትከሻዬ ላይ አንግቤ፣ በሣሩ ክምር መሐል አቋርጬ፣ ወደ መኪናው መንገድ ወጣሁ።